የዐድዋን ምድር በጠረጴዛ ላይ ለመሥራት፤ ስለ መሣሪያና ስለ ብሩሽ አመራረጥ

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ስለ ቢላዋና ስለ ብሩሽ የሚናገር ጽሑፍ በእነዚህ ገጾች ላይ ሲያገኙ ምናልባት ይገረሙ ይሆናል። ጥናት ማለት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ጀሶ መበጥበጥና ካርቶን መቁረጥ ከልጆች ጨዋታ የሚያልፍ አይመስለውም። እኛም የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች የሆንን ስድስት ጓደኛሞች ሥራውን በጀመርንበት ሰሞን ከዚህ እምብዛም የተለየ አሳብ አልነበረንም። የዐድዋን የጦር ሜዳ በትንሹ በጠረጴዛ ላይ ሠርተን፣ ጦሮቹን በትናንሽ ምስሎች ወክለን፣ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያ እንዴት እንደ ተካሄደ ልንመረምር ስንነሳ፣ ዋናው ድካም መጻሕፍቱን ማገላበጥ፣ የመሣሪያው ነገር ግን ከሱቅ ገብቶ የተገኘውን መግዛት ብቻ መስሎን ነበር። ሥራው ሲፈጸም ነገሩ ተገልብጦ አገኘነው። ያነበብነውን ሁሉ ያበላሸብን አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ነበርና። እንግዲህ የደረሰብንን ስሕተትና ከስሕተቱ ያገኘነውን ትምህርት በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

ስለ ጦርነት ጨዋታ ጥቂት መግለጫ

ጦርነትን በአምሳያ መሬት ላይ እያጫወቱ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ሰው ለንጉሡ ለሣልሳዊ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም አንድ የጦርነት መጫወቻ ጠረጴዛ ሠርቶ አበርክቶ ነበር። በጠረጴዛው ላይ የሚደረደሩት ቁርጥራጮች ኮረብታውን፣ ወንዙንና መንገዱን በቅርጽና በቀለም የሚያሳዩ ስለ ነበሩ፣ ቦታ እየለዋወጡ ልዩ ልዩ ምድር ለመሥራት ይቻል ነበር። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1824 ጨዋታውን ከጠረጴዛው አምሳያ ወደ 1፡8,000 ካርታ አዛውሮ ደንቡን አሳተመ፤ የፕሩስያም ጦር ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገው። በእንግሊዝ አገር ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጨዋታ አንድ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ፣ ነገሩ ከጦር ሰፈር ወጥቶ በየቤቱ የሚያዘወትሩት ሆኗል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ሁለት ዐይነት አምሳያ እንዳለ ለማሳየት ነው። አንደኛው ለዐይን የሚያምር የመጫወቻ መሬት ነው። በዚህኛው ላይ ኮረብታው ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ ዛፉ ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ ተጫዋቾቹ እስከተስማሙ ድረስ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን በእውነት የሚገኝ አንድ ስፍራ በልኩ ተቀንሶ የሚሠራ ነው። የዚህኛው ፍሬ ነገር ማማር ሳይሆን መታመን ነው። መሣሪያ የሚመርጥ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። በሱቅ ያለ ዕቃ ብዙው ለመጀመሪያው ዐይነት የተዘጋጀ ነውና።

ዐድዋን ስለ መምረጣችን

የዐድዋ ውጊያ ከሌሎች ብዙ ውጊያዎች ይልቅ በምድሩ ቅርጽ የተወሰነ ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 1896 ማታ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ከምሥራቅ በኩል ወደ ዐድዋ አስጓዘ። በግራ አልበርቶኔ፣ በመካከል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ ሲመሩ፣ ኤሌና ደግሞ በደጀንነት ይከተል ነበር። በእጃቸው የነበረው የመሬት ንድፍ ግን ስሕተት ነበረበት። ኪዳነ ምሕረት ተብሎ በንድፉ ላይ የተጻፈው ኮረብታና የአገሩ ሰዎች በእርግጥ ኪዳነ ምሕረት የሚሉት ስፍራ የተለያዩ ነበሩ። አልበርቶኔ ከመጀመሪያው ስፍራ ከደረሰ በኋላ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ስፍራ ገና ወደ ፊት ነው ስላሉት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሄደ፤ ብቻውንም ከኢትዮጵያ ጦር ጋራ ተገናኘ። ዳቦርሚዳ በበኩሉ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አዘነበለ። በመካከላቸው ተራራ ስለ ገባ አንዱ ለሌላው ሊደርስለት አልቻለም፤ በየተራም ተመቱ። አልበርቶኔ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ።

ድሉ የተገኘው በካርታ ስሕተት ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። አገሩን የሚያውቅ፣ በቍጥርም በልብም የበረታ ሠራዊት በፊቱ ባይቆም ኖሮ ስሕተቱ ብቻውን ማንንም ባላሸነፈ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ማን ማንን ያይ ነበር፣ ማንስ ለማን በስንት ሰዓት ሊደርስለት ይችል ነበር የሚለውን ጥያቄ ያለ ምድሩ ቅርጽ መመለስ አይቻልም። አምሳያውን ለመሥራት ያነሳሣን ይህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው አምሳያችንና ስሕተቱ

ከዐድዋ ከተማ በስተምሥራቅ ያለውን 12 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ከ1፡50,000 ካርታ ላይ ወስደን፣ አምስት እጥፍ አሳድገን፣ በ1፡10,000 እስኬል ለመሥራት ወሰንን። ስለዚህ የጠረጴዛው ስፋት 120 ሴንቲ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ኮረብታዎቹን ከፎም እየቈረጥን ደረጃ በደረጃ ደራረብን። ደረጃው ለዐይን አስቀያሚ ስለ መሰለን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አለዘብነው። በላዩም ጀሶ በሰፊ ስፓቱላ ቀባን፤ ቀለምም ቀብተን፣ የተቈረጠ ስፖንጅ ለዛፍ ተክለን፣ እጅግ ያማረ ነገር አቀረብን። ያዩት ሁሉ አደነቁልን።

በመጀመሪያው የጨዋታ ቀን ክር ይዘን የማየትን መስመር ስንፈትሽ፣ ከአንዱ ብርጌድ ስፍራ ወደ ሌላው የተዘረጋው ክር በመካከል ያለውን ጋራ ሳይነካ አለፈ። በዚህ ተደስተን «እንግዲያስ አዛዦቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሳይረዳዱ ቀርተዋል፤ ጥፋቱ የምድሩ ሳይሆን የልባቸው ነው» ብለን በድፍረት ጻፍን። ጽሑፋችንን ያነበቡት መምህራችን ብዙ አልተናገሩም። ወደ ጠረጴዛው ቀርበው የጋራውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ከዚህ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ፍቃችኋል?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

በካርታው መሠረት ብንለካው ጋራው ሊኖረው ከሚገባው ከፍታ 4 ሚሊ ሜትር ጐድሎ ተገኘ። በ1፡10,000 እስኬል 1 ሚሊ ሜትር ማለት በምድር ላይ 10 ሜትር ነው። እኛም እጃችን እንዲለሰልስለት ብለን አርባ ሜትር ተራራ አፍርሰናል ማለት ነው። ከጋራው ሥር ባለው ሸለቆ ደግሞ ጀሶው 3 ሚሊ ሜትር ተኝቶበት ስለ ነበር፣ ሠላሳ ሜትር የሚያህል ጥልቀት ደፍነናል። የሞቱ ሰዎችን በፈሪነትና በቸልተኝነት የከሰስናቸው በብርጭቆ ወረቀት ምስክርነት ነበር። የኢጣልያ መኮንኖች በተሳሳተ ንድፍ ታምነው መንገድ ሳቱ ብለን የጻፍነው እኛው፣ በገዛ እጃችን የተሳሳተ ንድፍ ሠርተን ፍርድ ሳትን።

«መጋዝ የሚበላው እንጨት»

በኀፍረት አምሳያውን ለማፍረስ ስንዘጋጅ፣ ሰሌዳውን የሠሩልን አናጢ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «ልጆቼ» አሉን፣ «መጋዝ ራሱ የሚበላው እንጨት አለ። የሚበላውን ሳይቈጥር የሚለካ አናጢ ሳጥኑ አይገጥምለትም።» እኛም «ጋሼ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» ብንላቸው፣ «መጋዙን አትጥሉት፤ የሚበላውን አስቀድማችሁ ዕወቁ እንጂ» አሉ።

ከዚህ ምክር አንድ ደንብ አወጣን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም እርሱ ነው። ማናቸውንም መሣሪያ ከመግዛትና ከመጠቀም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ውድ ነው ወይስ ርካሽ? የውጭ ነው ወይስ ያገር?» የሚል ሳይሆን፣ «የዚህ መሣሪያ ጫፍ በምድሩ ላይ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነው። ቢላዋ ይቈርጣል፤ ወረቀት ይፍቃል፤ ስፓቱላ ይጨምራል፤ ብሩሽ ይሸፍናል። እያንዳንዱ ከምድሩ የሚወስደው ወይም በምድሩ ላይ የሚጨምረው መጠን አለው። ይህ መጠን ከምንፈልገው ጥንቃቄ ከበለጠ መሣሪያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለሥራው አይስማማም።

ለመቍረጥና ለመደርደር

ሁለተኛውን አምሳያ ስንጀምር ፎሙን ለመሠረቱ ብቻ አስቀርተን፣ ኮረብታዎቹን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጠንካራ ካርቶን ሠራናቸው። ምክንያቱም በ1፡10,000 እስኬል የዚህ ካርቶን አንድ ንብርብር በትክክል 20 ሜትር ስለሚሆን፣ ኮንቱር የሚባለውን የከፍታ መስመር በየ20 ሜትሩ ያለ ስሌት ችግር ለመከተል ያስችላል። 300 ሜትር ከፍ የሚል ኮረብታ 15 ንብርብር ይፈጃል፤ ቁመቱም 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ካርቶን ሲገዙ ሻጩ የነገረዎትን ውፍረት ማመን አይበቃም። ዐሥሩን አነባብሮ በማስመሪያ መለካትና ለዐሥር ማካፈል ይገባል። በእያንዳንዱ ላይ የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖር በ15ኛው ንብርብር ላይ ወደ 40 ሜትር ይጠጋልና።

ለመቍረጥ መቀስ አይመከርም። ወፍራም ካርቶን በመቀስ ሲቈረጥ ጠርዙ ይታጠፋል፤ በጠባቡ የመስመር እጥፋትም መቀሱ አይዞርም። የሚሻለው ምላጩ የሚለወጥ ቀጭን ቢላዋ ነው። አንድ ጊዜ በኀይል ከመጫን ይልቅ በቀላሉ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመላለስ መስመሩን ይጠብቃል። ምላጩ ሲደንዝ ወዲያው መለወጥ ለቁጠባ የማይመች ይመስላል፤ ነገር ግን የደነዘ ምላጭ ኀይል ስለሚጠይቅ ያመልጣል፤ ሲያመልጥም ጣት ይቈርጣል። ከሥሩ እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን ማንጠፍ፣ ለቀጥታ መስመርም የብረት ማስመሪያ መያዝ አስፈላጊ ነው፤ የፕላስቲክ ማስመሪያን ምላጩ ይበላዋል።

ለፎም ሁለት መሣሪያ አለ። አንደኛው ረጅምና ስለታም ቢላዋ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ ነው። የጋለው ሽቦ ፎሙን እያቀለጠ ስለሚያልፍ ንጹሕ ቍራጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን እጅ ቆም ባለበት ስፍራ ጉድጓድ ያቀልጣል። ጢሱም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ ወይም ከደጅ ሆኖ መሥራት ግዴታ ነው። ለሰፊው መሠረት ሽቦው ይስማማል። ለጋራ ጫፍ ግን አይስማማም።

የዐድዋ ተራሮች ብዙዎቹ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀሩ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ድንጋዮች ናቸው። እነዚህን በብርጭቆ ወረቀት ማለዘብ ጠባያቸውን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን ላለመፋቅ ወሰንን። በሁለት ንብርብር መካከል ያለውን ማዕዘን በስቱኮ ብቻ ሞላነው፤ የላይኛው ንብርብር ጠርዝ እንዳለ እንዲቀርና ከፍታውን እንዲመሰክር አደረግን። ለዚህም ሰፊው ስፓቱላ ቀርቶ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ እንደ ልብ የምትታጠፍ ትንሽ ስፓቱላ በቃችን። እርስዋም በማትገባበት ስፍራ የጥርስ መጐርጐሪያ እንጨት ተጠቀምን። የብርጭቆ ወረቀት የቀረልን የደረቀ የስቱኮ ፍንጣሪ ለማንሣት ብቻ ነው፤ እርሱም ደቃቁ ዐይነት።

ቁመትን ስለ መለጠጥ

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ኮረብታዎቹ ዝቅ አሉ፤ ቁመታቸው እጥፍ ይሁን ብለው ነበር። ይህ በብዙ አምሳያ ላይ የሚደረግ ስለሆነ በጥንቃቄ መረመርነው። ቁመቱ በሁሉም ስፍራ በእኩል ቢለጠጥ ማን ማንን እንደሚያይ አይለወጥም፤ ቀጥ ያለ መስመር ከተለጠጠም በኋላ ቀጥ ብሎ ይኖራልና። የሚለወጠው ቁልቁለቱ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ዳገት ቁመቱ እጥፍ ሲሆን 36 ዲግሪ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ 48 ዲግሪ ይጠጋል። በበቅሎ የሚወጣው መንገድ በእጅ የሚቧጠጥ ገደል ሆኖ ይታያል ማለት ነው። የጉዞን ሰዓት ለመመርመር የተነሣን ስለሆንን ቁመቱን ሳንለጥጥ ሠራን። በመጀመሪያው አምሳያ የሠራነው ጥፋት ግን ከዚህም የባሰ ነበር። አንዱን ጋራ ፍቀን ሌላውን ስለ ተውን ማየትንም ዳገትንም አበላሽተናል።

ጀሶና ሙጫ

ጀሶ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ጀሶውን ወደ ውሃ ይጨምር እንጂ ውሃውን ወደ ጀሶ አይጨምር፤ አለዚያ ይጓጕላል። የተረፈውንም ከመታጠቢያ ገንዳ አይድፋ፤ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይጠጥራል። እኛ በሁለተኛው ሥራ ጀሶውን ለጠረጴዛው ዳርና ለመሠረቱ ብቻ ተጠቅመን፣ በኮረብታዎቹ ላይ በውሃ የቀጠነ ኮላ በብሩሽ ቀባን። ደረቅ ካርቶን ውሃ ሲነካው ስለሚጣመም በጣም ቀጭን አድርጎ መቀባት፣ ከታች ያለውን ኮምፔርሳቶም በሁለቱም ገጽ መቀባት ያስፈልጋል። አንዱን ገጽ ብቻ ቢቀቡት ሲደርቅ እንደ ጀልባ ይቀለበሳል።

መሬቱን ለማሻከር አሸዋና ሰጋቱራ በኮላ ላይ መነስነስ የተለመደ ነው። እዚህም ደንባችንን እንጠይቅ። የ1 ሚሊ ሜትር አሸዋ በእስኬላችን የ10 ሜትር ቋጥኝ ነው። ስለዚህ አሸዋውን በሻሽ ወንፊት ነፍተን፣ እንደ ዱቄት የደቀቀውን ብቻ ወሰድን። ሰጋቱራውን ደግሞ ፈጽሞ ተውነው።

ብሩሽ ስለ መምረጥ

ብሩሽ ሦስት ክፍል አለው፤ ጸጉሩ፣ ጸጉሩን የሚያቅፈው የብረት ቀለበትና እጀታው። ጸጉሩ በዋናው በሦስት ዐይነት ይገኛል። የአሳማ ጸጉር ጠንካራና ሻካራ ስለሆነ ወፍራም ቀለም፣ ኮላና መሠረት ለመቀባት ይሆናል። ከአንድ የሳይቤርያ አውሬ ጅራት የሚሠራው ለስላሳ ጸጉር ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ጫፉም እንደ መርፌ ይሾላል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ የከበደ ነው። ሦስተኛው ከናይሎንና ከመሰሉ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጸጉር ነው። የአክሪሊክ ቀለም የተፈጥሮን ጸጉር ቶሎ ስለሚጐዳ፣ እንደ እኛ በአክሪሊክና በግድግዳ የውሃ ቀለም ለሚሠራ ሰው ሰው ሠራሹ ይበቃል እንላለን።

ከሱቅ ሲገዙ አራት ነገር መመልከት ይጠቅማል። አንደኛ፣ ብሩሹን ውሃ አስነክቶ አንድ ጊዜ አራግፎ ማየት ነው፤ ጥሩ ክብ ብሩሽ በራሱ ይሾላል፤ መጥፎው ይበተናል። ሁለተኛ፣ ጸጉሩን በጣት ገፍቶ መልቀቅ ነው፤ ወደ ቦታው ሊመለስ ይገባል። ሦስተኛ፣ ጸጉሩን በቀስታ መሳብ ነው፤ የሚነቀል ከሆነ በቀለም ውስጥም ይነቀላል። አራተኛ፣ የብረቱ ቀለበት በእጀታው ላይ መወዝወዝ የለበትም። በእጀታው ላይ ባለው ቍጥር ብቻ መታመን ግን አይገባም፤ የአንዱ ፋብሪካ 2 ቍጥር ከሌላው 2 ቍጥር ጋራ እኩል አይደለምና በዐይን ማስተያየት ይሻላል።

ለእንደዚህ ያለ ሥራ የሚያስፈልጉት ብሩሾች አምስት ብቻ ናቸው፤

1ኛ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የግድግዳ ብሩሽ፤ ለኮላና ለመሠረት ቀለም።

2ኛ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ፤ ያረጀና ጸጉሩ ያጠረ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ለደረቅ ብሩሽ ሥራ ነው። ቀለሙን ነክሮ በጨርቅ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ጠርጎ፣ በጠርዞቹ ላይ በቀላሉ ማሳለፍ ነው። ከፍ ያለው ስፍራ ብቻ ቀለም ይይዛል።

3ኛ፣ ወፈር ያለ ክብ ብሩሽ፣ ከ6 እስከ 8 ቍጥር የሚሉት፤ በውሃ በጣም የቀጠነ ጥቍርማ ቀለም በሸለቆዎች ውስጥ ለማፍሰስ።

4ኛ፣ 2 ቍጥር የሚሉት ክብ ብሩሽ፤ ለወንዝና ለመንገድ።

5ኛ፣ 0 ቍጥር የሚሉት ክብ ብሩሽ፤ ለስምና ለምልክት።

ከዚህ ያነሱትን፣ ሁለትና ሦስት ዜሮ የተጻፈባቸውን፣ ገዝተን ተጸጽተናል። ጸጉራቸው ጥቂት ስለሆነ ቀለም አይቋጥሩም፤ የያዙትም ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። ቀጭን መስመር የሚያወጣው የብሩሹ ማነስ ሳይሆን የጫፉ መሾል ነው።

እዚህ ላይ ደንባችን አንድ ችግር አመጣብን። 4ኛው ብሩሽ በጥሩ እጅ 1 ሚሊ ሜትር መስመር ያወጣል፤ ይህም 10 ሜትር ስፋት ማለት ነው። የበቅሎ መንገድ ግን ሁለት ሜትር አይሞላም፤ በልኩ ይሣል ቢባል 0.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ በአምሳያ ላይ የሚለካ ነገርና ምልክት የሆነ ነገር ሁለት መሆናቸውን ተረዳን። ከፍታና ርቀት የሚለኩ ናቸው። መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰው ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ዐይነት ቀይ ቀለም ቀብተን፣ ስፋታቸው እንዳይለካ በጠረጴዛው ዳር ላይ ጻፍን። 6 ሚሊ ሜትር የሆነው የወታደር ምስል በልኩ ቢታሰብ የ60 ሜትር ሰው ነው። ስለዚህ የማየት ክር የሚዘረጋው ከምስሉ ራስ ላይ ሳይሆን ከእግሩ ሥር ነው።

ቀለምና የዓመቱ ወራት

በሱቅ የሚሸጠው የአምሳያ ሣር አረንጓዴ ነው፤ በመጀመሪያው ሥራችንም አረንጓዴ ቀባን። ውጊያው ግን በየካቲት ነው። በየካቲት የትግራይ ደጋ ክረምቱ ካለፈ ወራት ተቈጥሮለት ሣሩ ደርቆ ቢጫና ቡናማ ይሆናል። ደግሞ ከጓደኞቻችን አንዱ በየኮረብታው ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጋራዎች ላይ ደን ሆኖ ሊቆም አይችልም። አሁን የምናየውን ሁሉ ቀድሞም የነበረ አድርጎ መሣል የአምሳያ ሠሪ ቀላሉ ፈተና ነው።

የቀለሙ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጥቍርማ ቡናማ በሁሉም ላይ ይቀባል። ሲደርቅ ገለባማ ቢጫ በ2ኛው ብሩሽ በደረቁ ይተላለፋል። በመጨረሻ ቀጭኑ ጥቍርማ ቀለም በሸለቆ ብቻ ይፈሳል። ደረቁን ብሩሽ ማብዛት ግን ጠርዙን እያነጣ ዳገቱን ካለው ይልቅ ገደል ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ብሩሹ ባለፈበት ሁለተኛ አይመለስም። በፎም ላይ የሚሠራ ሰው የሚረጨውን የቆርቆሮ ቀለም አይጠቀም። በውስጡ ያለው ማቅጠኛ ፎሙን ይበላዋል። እኛ በሙከራ አንድ ኮረብታ በዐይናችን ፊት ሲቀልጥ አይተናል።

ብሩሽን ስለ መጠበቅ

ርካሽ ብሩሽ በጥንቃቄ ከተያዘ ውድ ብሩሽ በቸልተኝነት ከተያዘው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ቀለሙ እስከ ብረቱ ቀለበት ድረስ እንዲወጣ መተው አይገባም። ከዚያ ውስጥ ከደረቀ ጸጉሩን ይከፍለዋል። ብሩሹን በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በጸጉሩ አቁሞ መሄድ ጫፉን ያጣምማል። ሥራ ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ጫፉን በጣት አሹሎ፣ አጋድሞ ማድረቅ ይገባል። ያረጀውም አይጣል፤ ለደረቅ ብሩሽ ሥራ ይሆናል። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ደግሞ ቀጭን ቀለም በጣት እየነጠሩ ለመርጨት ይጠቅማል።

መደምደሚያ

ሁለተኛው አምሳያ ከመጀመሪያው ይልቅ አያምርም። ደረጃዎቹ ይታያሉ፤ ቀለሙ ደረቅ ነው፤ ዛፉ ጥቂት ነው። ከጐብኝዎችም አንዳንዶቹ «የፊተኛው ይሻል ነበር» ብለውናል። ነገር ግን ክሩን በዚያው በፊተኛው ስፍራ ብንዘረጋው በጋራው ላይ አረፈ፤ ወደ ማዶ አላለፈም። እኛም የጻፍነውን ፍርድ ሰርዘን፣ በምትኩ ከዚያ ስፍራ ማዶውን ማየት እንዳልተቻለ ብቻ ጻፍን። አዛዦቹ ስሕተት አልነበረባቸውም ማለታችን አይደለም፤ የእነርሱን ስሕተት ከእኛ ስሕተት ለይተን መናገር ቻልን ማለታችን ነው።

ይህን ሥራ ከእኛ በኋላ የሚጀምሩ ተማሪዎች ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። አንድ ስለታም ቢላዋ፣ አንዲት ትንሽ ስፓቱላ፣ አንድ የብረት ማስመሪያና አምስት ብሩሽ ይበቃቸዋል። መሣሪያውን በእጃቸው ባነሡ ቍጥር ግን የአናጢውን ቃል እንዲያስታውሱ እንለምናቸዋለን፤ መጋዝ የሚበላው እንጨት አለ። አምሳያው ያለ በኮሌጁ የጂኦግራፊ ክፍል ስለሆነ ሊመረምረው የሚወድ ሁሉ ክርና ማስመሪያ ይዞ ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ስሕተትም ቢያገኝ እናርመዋለን።